አትንገረን

ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ሰዓት፣ ገንደ ቆሬ፣ በረውዳ ደጅ፣
ውስጡ እንደ ምድጃ ስለሚፋጅ
ቴሌቪዥኑ ወጥቶ በለስላሳ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤
ሶኬቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ቬንትሌተሩ ይነቀላል።
«ወይ ንፋስ ወይ ድራማ!» ትላለች ረውዳ፣ ሳምቡሳ እየጠቀለለች፣
መልሱን እያወቀች።

ንፋስ የመረጠ ሰው የለም።

አሥራ አንድ ጎረምሳ፣ ሲስቅ ያልታየ አሠልጣኝ፣ ፊሽካው የሚያደላ ዳኛ፣
ጣቱ ተሰብሮ ለማንም ያልተናገረ በረኛ፣
ደግሞ ሚልኪያስ፣ አባቱ ኳስ የከለከሉት፣
እኛ ግን አሥራ አራት ሳምንት የመከርነው፣ የተቆጣነው፣ ያለቀስንለት።

ጃቢር ሐሙስ ማታ ባጃጁን አቁሞ ሰው አይጭንም።
«ለዚህ ልጅ የከሰርኩትን አባቱም አይከፍለኝም!»
ኢፍቱ ከፋርማሲ ትመጣለች፣ ነጩን ጋዋን እንደለበሰች፤
ባለፈው ሳምንት ሚልኪያስ ሲወድቅ «በረዶ አምጡ!» ብላ የጮኸች።
ጋሽ አበጋዝ፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣ የራሳቸውን ዱካ ታቅፈው።

ዛሬ ዘጠናኛው ደቂቃ። ፍጹም ቅጣት ምት።
ሚልኪያስ ኳሷን አስቀመጠ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።
ካልሲውን ሳበ። ቀና አለ።
መብራት ሄደ።

መጀመሪያ ዝምታ። ቀጥሎ ከመጋላ እስከ ከዚራ አንድ ረጅም «ኡፍ!»
እንደ ድሮው ባቡር፣ ጣቢያ ደርሶ ሲያርፍ።

«አቦ፣ ያገባታል!» አለ ጃቢር፣ «ወደ ግራ!»
«ወላሂ ይስታታል! አላየህም እግሩ ሲፈራ?
ካሸነፉ አሠልጣኙን ትልቅ ክለብ ይወስደዋል፣
ልጁ ያለ እሱ ማን አለው? ሆን ብሎ ይስተዋል!»
ጋሽ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦
«ሠላሳ ዓመት ፍሬን ይዣለሁ፤ የተንደረደረ ነገር አውቃለሁ።
አንዴ ከተነሣ አይመርጥም፤ ይሄዳል። እኔ ምን አደርጋለሁ?»

ረውዳ በጨለማው የዘይቱን ሙቀት በድምፁ እየለካች
«የኔ ጥያቄ ሌላ ነው» አለች።
«ማሊያቸው ሁሌ ንጹሕ ነው። ማነው የሚያጥብላቸው?
አሥራ አራት ሳምንት አንዲት እናት አላየሁም፤ አንድ ሳፋ እንኳ የላቸው!»

ሁሉም ሳቀ። የኔ ሳቅ ግማሹ ጉሮሮዬ ቀረ።

የኛ ትምህርት ቤት ማሊያ አሥራ አንድ ነበር፤ እኛ አሥራ አምስት።
የሚገባ ልጅ የሚለብሰው የሚወጣው ልጅ ያወለቀውን ነው፣ ላቡ ሳይደርቅለት።
ሮብሌ እያነከሰ ወደ መስመሩ መጣ፣
ማሊያውን በአንገቱ ገለበጠው፤ ክንዱ በመከራ ወጣ።
ርጥብ ነበር። ትኩስ ነበር። ደረቴ ላይ ሲጣበቅ
የሱ ትንፋሽ ውስጡ የቀረ መሰለኝ፣ ገና ሩጫውን ሳይለቅ።
ስድስት ደቂቃ ተጫወትኩ። ኳሷን ሁለቴ ነካሁ፤
አንዴ ለባላጋራ ሰጠሁ፣ አንዴ ወደ ደቻቱ አሸዋ ላክሁ።
ካሜራ የለ፣ ሙዚቃ የለ። ሁለት ፍየልና የዘበኛው ልጅ አዩ፤
ፍየሎቹም እስከ መጨረሻው አልቆዩ።

አሁን ሮብሌ ጎኔ ተቀምጦ በጨለማው ጉልበቱን ያሻል።
ስለ ሚልኪያስ እግር ሲሆን እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገታል፣
ስለ ራሱ እግር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ቃል አልወጣውም።
እኔም «ብትቆይ እናሸንፍ ነበር» ብዬ ነግሬው አላውቅም።

የጃቢር ስልክ ጮኸ፤ ከሳቢያን ወንድሙ ነበር።
እዚያ መብራት አልጠፋም። አይተዋል። ገና ሊናገር
አፉን ሲከፍት፣ ስምንት ሰው ባንድ ድምፅ፦
«አትንገረን!»
ጋሽ አበጋዝ ጆሯቸውን ያዙ። ኢፍቱ ስልኩን ነጥቃ ዘጋች።

መብራት መጣ። የዘይት ማስታወቂያ።
አንዲት ሴት ነጭ ሳህን ይዛ ትስቃለች።
ረውዳ ተሳደበች፤ ሶኬቱን ነቀለች፤ ቬንትሌተሩን ሰካች።
ንፋሱ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተላቀቀ።

ያኔ ሮብሌ፣ ወደኔ ሳያይ፣ ሳምቡሳውን እየቆረሰ፣
«ዘጠኝ ቁጥር ነበር፣ አይደል?» አለኝ።
«የማን?» አልኩት፣
መልሱን እያወቅሁ።